ሙሴ ያልተባለው አለቃ

ሰው በሰላምታ ምክንያት ከሥራ ሊባረር ይችላል ብትሉኝ ኖሮ እስቅባችሁ ነበር። ተሳዳቢ ይባረራል፣ ሰነፍ ይባረራል፣ አርፍዶ የሚገባ ይባረራል፤ እኔ ራሴ ከሦስቱም ለጥቂት የተረፍኩ ሰው ነኝ። ቆቡን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ «እንደምን አደሩ» ያለ ሰው ግን እንዴት ይባረራል? ይኸውላችሁ፣ አትላንታ ላይ ለጥቂት ሊባረር ነበር። ያን ሰሞን የደነገጥኩትን ድንጋጤ የሱዳንን በረሃ ስሻገር እንኳ አልደነገጥኩም። እዚያ የሚያስደነግጠኝ ጅብ ነበር፤ ጅብ ደግሞ ቢያንስ ተርጉምልኝ አይልም።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መካከል ነው። የምኖረው ከአትላንታ ወጣ ብሎ ዶራቪል፣ አንዲት ጠባብ አፓርታማ ውስጥ ነው፤ የምሠራው ደግሞ ኖርክሮስ፣ ካርቶን ፋብሪካ። እንግሊዝኛዬ ለራሴ በጣም ጥሩ ነበር። ለሌላው ሰው እንዴት እንደነበር አላውቅም፤ ብቻ ክሊኒክም ይሁን ባንክ አስተርጓሚ ሲጠፋ ሀበሻው የሚጠራው እኔን ነበር። አንድ ጊዜ አንዲት እናት «ጨጓራዬን» ሲሉ እኔ «ልባቸውን ነው» ብዬ ስንት ማሽን ላይ እንዳስጋደምኳቸው እሳቸውና እኔ ነን የምናውቀው። እስካሁን ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ። ወደ ነገሬ ልመለስ።

የፋብሪካው ሱፐርቫይዘር ሚስተር ዋልተር ይባላል። ጆርጂያ ተወልዶ ጆርጂያ ያደገ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያኑ ዲያቆን፣ በሌላው ቀን የኛ አለቃ። መልካም ሰው ነው፤ አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ አያውቅም። ፋብሪካው ውስጥ ሁሉም በስሙ ብቻ ሲጠራራ እሱ «ሚስተር» ካላላችሁት አይሰማችሁም። ደንቆሮ የሆነ ነው የሚመስላችሁ። «ሚስተር» ስትሉት ወዲያው ጆሮው ይከፈታል። እኔ የኩራት ነው ብዬ ትቼው ነበር።

እንግዲህ ለዚህ ሰው ነው ጋሽ ተሰማን ሥራ አስገባልኝ ብዬ ለምኜ ያመጣኋቸው። ጋሽ ተሰማ አገር ቤት ሳሉ የእናቴ ጎረቤት ነበሩ። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከልጅነት እስከ ሽበት በአንድ ፈረንጅ ጋራዥ መካኒክ ሆነው የኖሩ፣ ሞተር ድምፁን ብቻ ሰምተው በሽታውን የሚናገሩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ካርቱም ቀርተዋል። እሳቸውን ስፖንሰር አድርጎ ለማምጣት ቋሚ ሥራ ያስፈልጋል ተባለ። ቋሚ የሚያደርገው ደግሞ በወሩ መጨረሻ ሚስተር ዋልተር ነው። ማታ ማታ ሶፋዬ ላይ ተኝተው ወደ ጣራው እያዩ «እሱ ዋልተር ደግ ነው፣ አይደል?» ይሉኛል። «ደግ ነው» እላለሁ። «እንግዲያ አልማዝ መጣች በላ» ብለው ይተኛሉ።

የመጀመሪያው ቀን ማለዳ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ወደ በሩ ስንሄድ ጂሚ ቆሟል። ጂሚ የፋብሪካው ጠራጊ ነው። ሃያ ዓመት ገና መቼ ሞላውና! ቆቡን ወደ ኋላ ያዞረ፣ ማስቲካ የሚያላምጥ፣ መጥረጊያውን ተደግፎ መተኛት የሚችል ነጭ ልጅ። ጋሽ ተሰማ ገና ሲያዩት ቆባቸውን ላጥ አደረጉ። ወገባቸውን ሰበር አድርገው በሁለት እጃቸው ጨበጡትና «እንደምን አደሩ ሙሴ!» አሉ። ጂሚ ማስቲካውን ማላመጥ አቆመ።

ከኋላችን ሚስተር ዋልተር ደረሰ። አስተዋወቅኳቸው። ጋሽ ተሰማ ቆባቸውን መልሰው አድርገዋል። ፊታቸው በፈገግታ ተሞላ፤ ዘለው ትከሻውን በትከሻቸው ገጨት ገጨት አደረጉና «እንዴት ነህ ወንድሜ!» አሉት። አለቃችን ከነክራቫቱ ተወዛወዘ።

እኔ እዚያው ክው ብዬ ቀረሁ። ጠራጊውን አንቱ፣ አለቃውን አንተ! ለጠራጊው እጅ መንሣት፣ ለአለቃው የትከሻ ግጭት!

ለማታውቁ ልንገራችሁ። ሙሴ ስል ባሕር የከፈለውን ነቢይ ማለቴ አይደለም። የፈረንሳዮቹ «ሙሲዩ» ነው፤ እኛ በአፋችን ስናሸው ኖረን ሙሴ ያደረግነው። ድሮ አዲስ አበባ ውስጥ ነጭ የሆነ ሁሉ ሙሴ ነበር። መሐንዲሱ ሙሴ፣ ዳቦ ጋጋሪው ሙሴ፣ ሰዓት ጠጋኙ ሙሴ። ፈረንሳይን በካርታ እንኳ ያላየ ግሪክም ሙሴ ነበር። ትርጉሙ ምንድነው ብሎ የጠየቀ ሰው አላውቅም። እኔ ያው እንደ «አቶ» ያለ ነገር ይመስለኝ ነበር።

መቼም ነገሩ በአንድ ቀን ይበቃል ብዬ ነበር። አልበቃም። ጋሽ ተሰማ በየማለዳው ጂሚን ባዩ ቁጥር ቆብ ማውለቅ፣ ጎንበስ፣ «ሙሴ»! ፎርክሊፍት የሚባለውን የጭነት ማንሻ የሚነዳውን ነጭ ሲያዩ «ሙሴ»! ለሶዳ ማሽኑ ጣሳ የሚያመጣውን ሲያዩ «ሙሴ»! ጥቁር ሲያዩ ደግሞ ወንድሜ፣ ልጄ፣ አንተ ጎረምሳ!

አንድ ቀን በምሳ ብሬክ ላይ ሚስተር ዋልተር አጠገቤ ተቀመጠ። ሳንድዊቹን እየፈታ፣ ቀስ ብሎ፣ «ሽማግሌው ጂሚን ምን ብሎ ነው የሚጠራው?» አለኝ። «ቆቡንስ ለምንድነው የሚያወልቅለት?»

ልቤ ስንጥቅ አለ። የፋብሪካው ድምፅ ሁሉ ጠፋኝ። «ያው ሰር እንደማለት ነው» ብል «ታዲያ እኔን ለምን አይለኝም?» ሊለኝ ነው። ምላሴ እኔን ሳያማክር ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጠራጊ ማለት ነው!» አለ።

«ጠራጊ? ቆቡስ?»

«በኛ አገር ጠራጊ ይከበራል» አልኩ። በስመ አብ! ጠራጊ በየትኛው አገር ነው እንዲህ የሚከበረው? እኔ አገር ቤት ጠራጊ ቢያልፍ አቧራ እንዳይነካኝ የምሸሽ ሰው ነኝ።

ሚስተር ዋልተር ሳንድዊቹን አስቀመጠ። ዓይኑ እንባ አቀረረ ብላችሁ አጋነንክ ትሉኛላችሁ፤ ግን አቀረረ። «ይሄ ነው ክርስትና» አለኝ። ሰኞ ስንገናኝ እሁድ ምእመኑ ፊት ቆሞ የኢትዮጵያውያንን ትሕትና እንደመሰከረ ነገረኝ። ጠራጊ ሲያልፍ ቆብ የሚያወልቅ ሕዝብ ብሎ አስጨብጭቦልናል። አገሬን በውሸት ያስጨበጨብኩላት ብቸኛው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ይህ ሳያንስ እሱ ራሱ ጂሚን በድምፅ ማጉያው መጥራት ጀመረ። «ሙሴ ወደ መጫኛው! ሙሴ ወደ መጫኛው!» ፋብሪካው ሁሉ ተቀበለው። ጂሚ ደግሞ መጥቶ ጥግ አስያዘኝና «ምን ማለት ነው?» አለኝ። ጠራጊ ማለት ነው እንዳልለው አዘንኩለት። «ሰር ማለት ነው» አልኩት። ወይ ጉድ! ልጁ በአንድ ጊዜ ቁመት ጨመረ። እናቱ እንኳ በወጉ ጠርታው አታውቅም መሰለኝ፤ በማርከር ቆቡ ላይ «ሙሴ» ብሎ ጻፈበት፣ ቆቡንም ወደ ፊት አዞረው። መጥረጊያውን ሳይቀር ቀጥ አድርጎ ይይዝ ጀመር። እንግዲህ አለቃው ጠራጊ ነው ብሎ ይጠራዋል፣ ልጁ ሰር ነህ ተባልኩ ብሎ ይኮራል፣ እኔ በመካከል እየላበኝ ካርቶን አጥፋለሁ።

ማታ ወደ ዶራቪል ስንመለስ መኪና ውስጥ ለመንኳቸው። «ጋሽ ተሰማ፣ እዚህ አገር እኮ ሰው በስሙ ነው የሚጠራው። ጂሚን ጂሚ ይበሉት።»

«ምን ነካህ አንተ?» ብለው ዞሩብኝ። «ሙሴን በስሙ?»

«ጠራጊ ነው እኮ!»

«ቢሆንስ? ነጭ አይደለም?»

«እሺ ዋልተርንስ? አለቃችን እሱ ነው። ሚስተር ይበሉት።»

«እሱማ ወንድሜ ነው» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከዚያ በኋላ ቢነግሯቸውም አይሰሙ።

ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የፋብሪካው ባለቤት ሊጎበኝ መጣ። ነጭ፣ ሸበቶ፣ ሰላምተኛ ሰውዬ ነው። ሚስቱንም ይዟል። ከፓሪስ ከተመለሱ ብዙም አልሆናቸው፤ ሴትየዋ አንገቷ ላይ ያሰረችው የሐር ሻርፕ ይህንኑ ይናገራል። ሚስተር ዋልተር ማሽኖቹን እያሳየ ከፊት ከፊት ይመራል። እኔ ከሩቅ አየሁና አምላኬን ጠራሁ። ጋሽ ተሰማ መንገዳቸው ላይ ናቸው! «ጋሽ ተሰማ! ወደዚህ ይምጡ!» ብዬ ብጮህ ማሽኑ ድምፄን ዋጠው።

ሮጬ አጠገባቸው ስደርስ ቆቡ ወለቀ። ወገቡ ተሰበረ። «እንደምን አደሩ ሙሴ! እንደምን አደሩ ማዳም!»

የሚስተር ዋልተር ፊት አመድ ሆነ። ገባችሁ? እሱ የሚያውቀው እኮ ሽማግሌው ባለቤቱን «ጠራጊ» እንዳሉት ነው! እየተንተባተበ «ሰር፣ ይቅርታ፣ በአገሩ ጠራጊ በጣም ይከበራል...» አለ።

«ማነው ጠራጊ?» አለ ባለቤቱ።

ሚስቱ ግን በደስታ እጇን አጨበጨበች። «ጠራጊ አላለህም! ሙሲዩ ነው ያለህ! ፈረንሳይኛ ነው!» ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ እዚያው ካርቶኑ መካከል ቆማ ማስተማር ጀመረች። ሞን ማለት የእኔ፣ ሲዩር ማለት ጌታ፤ ሙሲዩ ማለት «ጌታዬ» ነው አለች። ማዳምም «እመቤቴ» ነው። ዱሮ እንዲህ ለማንም የሚባል አልነበረም፤ ለመሳፍንት ነው፤ የፈረንሳይ ንጉሥ ወንድም ስሙ ሳይጨመር ዝም ብሎ ሙሲዩ ይባል ነበር። ሥሩ ደግሞ ከላቲን የመጣ ነው፤ መጀመሪያ ታላቅ፣ ሽማግሌ ማለት ነበር፣ ጌታ የሆነው በኋላ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ። ባለቤቱ በጣም ደስ አለው። «እስኪ ድገመው በለው» አለኝ። ጋሽ ተሰማ የተጠየቁት ሲገባቸው ቆባቸውን ዳግመኛ አውልቀው ዳግመኛ ጎንበስ አሉ።

ከኋላ ጂሚ «ጌታዬ?» ሲል ሰማሁት። መጥረጊያው ከእጁ ወደቀ።

እኔ የሆንኩትን አትጠይቁኝ። ጆርጂያ ውስጥ፣ በጆርጂያው ዲያቆን ፊት፣ አንድ ጥቁር ሽማግሌ ለአንድ ነጭ ጎረምሳ ወር ሙሉ ቆብ እያወለቀ «ጌታዬ» ሲል ከርሟል። ዲያቆኑ ራሱ ደግሞ ያንኑ ልጅ በድምፅ ማጉያ «ጌታዬ ወደ መጫኛው» እያለ ጠርቷል! ይህን ሁሉ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሚስተር ዋልተር ወደ እኔ ዞረ። አልተቆጣም። ብቻ አየኝ፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

እንግዶቹ እንደሄዱ ሁለታችንንም ቢሮው አስገባንና በሩን ዘጋ። ጋሽ ተሰማ ቋሚ የሚሆኑ መስሏቸው ሸሚዛቸውን ያስተካክላሉ። እኔ ግን በልቤ፣ እትዬ አልማዝን ካርቱም ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ እላለሁ።

«እኔን የሚለኝ ምን ማለት ነው?» አለ። «አሁን እውነቱን።»

«ወንድሜ ማለት ነው። ስለ እግዚአብሔር፣ እውነቴን ነው።»

«ለጠራጊው ጌታዬ፣ ለእኔ ወንድሜ።» ወንበሩ ላይ ተደገፈ። «አባቴ ጢሙ ነጭ እስኪሆን ድረስ የነጭ ሕፃን «አንተ ልጅ» ሲለው እየሰማሁ ነው ያደግኩት። አንድም ቀን ሚስተር ሳይባል ሞተ። እኔ እዚህ ሚስተር የምባለው ለራሴ ይመስልሃል?» ድምፁ ተሰበረ። «ጠይቀው። ያ ልጅ ምን ሠርቶ ነው ጌታው የሆነው?»

ወደ ጋሽ ተሰማ ዞርኩ። ለመዋሸት ምላሴ ተዘጋጅቶ ነበር፤ የእሳቸውን ፊት ሳይ ከዳኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። «ሙሴ ማለት ጌታዬ ማለት ነው» አልኳቸው።

«ምን?» አሉ።

«ጌታዬ።»

ወንበር ሳይሰጣቸው ተቀመጡ። «ጌታዬ?» አሉ እንደገና። «ኧረ የአምላክ ያለህ! ዕድሜዬን ሙሉ ያንን የጋራዥ ሰውዬ ጌታዬ ስለው ነው የኖርኩት?» ቆባቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ፣ አነሡት፣ መልሰው አስቀመጡት። ቆይተው ለእኔም ሳይሆን ለዋልተርም ሳይሆን ለጠረጴዛው እንደሚናገሩ ሆነው ጀመሩ።

«ጋራዥ የገባሁት ልጅ ሆኜ ነው። የመጀመሪያው ቀን ባለቤቱ ሲመጣ ታላቄ ነውና እናቴ እንዳስተማረችኝ ‘ጋሼ፣ እንደምን አደሩ’ አልኩት። በጥፊ አጮለኝ። ወለሉ ላይ ወደቅሁ። ‘ሙሴ በል!’ አለኝ። ሙሴ አልኩት። ጆሮዬ ሲጮህ ሰነበተ። ከዚያ ወዲህ ነጭ ሰው ሳይ አፌ ቀድሞኝ ነው የሚለው። አክብሬ አይደለም ልጄ፣ ፈርቼ ነው። ይህን ልጅ እንኳ፣ ጠራጊውን፣ እፈራዋለሁ። ዋልተርን አልፈራውም። የማልፈራውን ሰው ምን ብዬ ሙሴ እለዋለሁ?»

ይህን ሲናገሩ ለመተርጎም አፌን ከፈትኩና ቀረሁ። የሴትየዋ ትምህርት ትዝ አለኝ። ሥሩ ታላቅ፣ ሽማግሌ ማለት ነው አላለችም? ያ ጋራዥ የገባ ልጅ እኮ መጀመሪያ ያለው ይህንኑ ነበር! ጋሼ ብሎ፣ ታላቄ ብሎ፣ ያንኑ ነገር በሌላ አፍ እንዲል ነው በጥፊ የተመታው! ያን ዕለት የተረጎምኩትን ያህል አሳምሬ ተርጉሜ አላውቅም። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም፤ ይህችንም የሥሩን ነገር ነገርኩት።

ሚስተር ዋልተር መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከዚያ ተነሥቶ ዞሮ መጣና፣ ያ ቁመቱ ሁሉ ተጎንብሶ፣ ትከሻቸውን በትከሻው ገጨት አደረገ። አልቻለበትም፤ አገጫቸውን ሊመታው ነበር።

«ወንድምህ ነኝ በለው» አለኝ። «እዚህ ማንም አይመታውም በለው። ከነገ ጀምሮ ግን ሁሉንም ሰው በስሙ ይጥራ። የምለምነው ይህን ብቻ ነው።»

«ሥራቸውስ?» አልኩ በተቆራረጠ ድምፅ።

«ሥራውን በደንብ ይሠራል፤ ቋሚ ነው። የማላውቀው ያንተን ነው።» ጣቱን ቀሰረብኝ። «ቤተ ክርስቲያኔ ውስጥ በውሸት አስመስክረኸኛል። ጂሚ ፎርክሊፍት ሊማር ነው፤ መጥረጊያውን አንተ ትይዛለህ። በአገርህ የሚከበር ሥራ ነው አይደል?» ምን እላለሁ? ይከበራል አልኩ።

በማግስቱ ማለዳ ዝናብ ያካፋ ነበር። ከመኪናው እስከ በሩ ድረስ የጋሽ ተሰማ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ይለማመዳሉ መሰለኝ። በሩ ጋ ጂሚ ቆሟል። ትናንት ሌላው ሠራተኛ ሲያላግጥበት ስለዋለ ቆቡን አላደረገም። ከበስተጀርባው ሚስተር ዋልተር የቡና ስኒውን ይዞ ያያል።

ጋሽ ተሰማ ልጁ ፊት ሲደርሱ ቆሙ። እጃቸው ወደ ቆባቸው ሄደ፤ እዚያው ያዙት። አላወለቁትም። ወገባቸውን ቀጥ አደረጉ።

«ጂሚ» አሉ።

ይህን እንዳሉ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፊታቸውን ወደ ጎን መለስ አድርገው ትከሻቸውን ወደ ጆሯቸው ሰበሰቡ። እኔ መጀመሪያ ምን እንደሆኑ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። እኒያ ሽበታም ሰው እዚያ ዝናብ ውስጥ ቆመው ጥፊውን እየጠበቁ ነበር።

ጂሚ ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። «ደህና አደሩ ሰር» አላቸው፤ መልስ ሲያጣ ደግሞ «ደህና ናቸው?» አለኝ።

«ጋሽ ተሰማ» አልኳቸው፣ «ምንም የለም፤ ዓይንዎን ይግለጡ።»

ቶሎ አልገለጡም።